የደነገጡ ፊቶች ግድግዳ

ሰው በድንገት ሲደነግጥ ፊቱን ለማሳመር ጊዜ አያገኝም። ይህን ያስተዋልኩት አገር ቤት አስጎብኚ ሳለሁ ነው። እንግዶቼን ይዤ ገደል አፋፍ ላይ ስደርስ እነሱ ገደሉን ያያሉ፣ እኔ እነሱን አያለሁ። ገደሉንማ በየሳምንቱ ነው የማየው። አፍ ይከፈታል፣ ቅንድብ ይሰቀላል፣ ትልቁ ሰውዬ የአምስት ዓመት ልጅ ይመስላል። ወዲያው ካሜራቸውን ያነሳሉ፤ ያ ፊትም እንደመጣ ይሄዳል።

ቶሮንቶ የመጣሁት በሙያዬ ተወዳድሬ ነው፤ እዚህ ግን ሙያዬን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሬክስዴል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስጭን ሁለት ዊንተር አለፈ። ከዚያ ኮሌጅ ገብቼ ቱሪዝም ተማርኩና አንዲት ትንሽ ድርጅት ቀጠረችኝ። ሥራዬን ለዘመድ ማስረዳት ቀላል አልነበረም።

«ሰው አንድ ቦታ ሊጎበኝ ሲመጣ፣ ከበሩ ጀምሮ ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደሚሰማ፣ የት አረፍ እንደሚል፣ በምን ስሜት እንደሚወጣ አስቀድመን እናስባለን» አልኩት ወንድሜን በስልክ።

«እና ለዚህ ደሞዝ ይከፍሏችኋል?» አለኝ።

አለቃዬ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ወደ ስልሳው የተጠጋች ካናዳዊት ነበረች። ወጣትነቷን ያሳለፈችው ቴአትር ቤት መድረክ ስትሠራ ነው። «ሰው ያየውን ሁሉ አያስታውስም» ትለኝ ነበር። «በጣም የደነገጠበትን ቅጽበትና አወጣጡን ያስታውሳል። እነዚያን ሁለቱን አሳምርለት፤ መሃሉን ይቅር ይልሃል።» ሌላም ሕግ ነበራት፤ ሰውን ሳታዘጋጀው አታስደንግጠው፤ ከደነገጠ በኋላ ደግሞ የሚቀመጥበት አዘጋጅለት።

በፈረንጆቹ 2009 ይሁን 2010 በትክክል አላስታውስም፣ ሐይቁ ዳር የቆመ የድሮ የእህል ጎተራ ለጎብኚ እንድናዘጋጅ ተሰጠን። ከታች ጠባብና ጨለም ያለ ኮሪደር ሠራን። ጎብኚው በዚያ አልፎ ኤሌቬተር ውስጥ ይገባል፣ ላይ ሲደርስ በሩ ይከፈትና ሐይቁ በአንድ ጊዜ ፊቱ ላይ ይዘረጋል። መውጫው የእኔ ድርሻ ነበር። ያን የገደል አፋፍ አስቤ የአንድ ግድግዳ ሐሳብ አቀረብኩ። ኤሌቬተሩ ሲከፈት ካሜራ ፊታቸውን ያነሳል። ሊወጡ ሲሉ የመጨረሻው ክፍል ግድግዳ ላይ የራሳቸውን የደነገጠ ፊት ከማያውቋቸው ሰዎች ፊት ጋር አብሮ ያገኙታል። መግቢያው ላይ በትልቁ ጽፈን አሳወቅን፤ የማይፈልግ ሰው ደረቱ ላይ ተለጣፊ አድርጎ ያልፋል። ማታ ሲዘጋ ሁሉም ይጠፋል።

ጎብኚው ወደደው። ሰው ቶሎ አይወጣም፤ ራሱን ፈልጎ ካገኘ በኋላ የሌላውን ፊት ሲያይ ይቆያል። እኔም ምሳ ሰዓቴን እዚያ ክፍል ውስጥ ማሳለፍ ለመድኩ።

የምኖረው ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል ሰፈር ነበር፣ ከብዙዎቹ ረጃጅም ሕንጻዎች በአንዱ። ከእኔ በር ሁለት በር አልፎ አንዲት እናት ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። እማማ ነው የምላቸው። ልጃቸው ቤይሩት ስትሠራ ቆይታ በጋብቻ ካናዳ ገባች፤ ከዚያ እናቷን በስፖንሰር አመጣች። የምንሄደው አንድ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ እሁድ እሁድ አብረን ነው የምንወጣው። ልጃቸው ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ፈረቃ ስለምትሠራ፣ እማማ ሻይ ባፈሉ ቁጥር በሬን ያንኳኳሉ።

አንድ ወንድ ልጅም ነበራቸው። በሱዳን አድርጎ ሊቢያ ገባ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ቆይቶ አብሮት የነበረ ልጅ ከጣልያን አዲስ አበባ ለጎረቤት ደውሎ፣ ጀልባዋ እንደሰመጠችና እሱም ውስጧ እንደነበረ ተናገረ። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። መርዶውን የነገርናቸው ቅዳሜ ማለዳ ነው፣ ፓስተሩ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ልጃቸውና እኔ። እማማ በራቸውን የከፈቱልን ማማሰያ ይዘው ነበር። ፓስተሩ ጸለዩና ነገሯቸው። እማማ አልጮኹም። አፋቸው ተከፈተ፤ ግራ ቅንድባቸው ከቀኙ በላይ ተሰቅሎ እዚያው ቀረ። ያን ፊት ዘላለም አልረሳውም። ከዚያ ማማሰያውን እንደያዙ ወደቁ። ደም ብዛት ስላለባቸው ሆስፒታል ወሰድናቸው። ሲመለሱ የልጁን ፎቶ ጥቁር ሪባን አስረውለት ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቀሉት። ሳምንት ሙሉ ለቅሶ ተቀመጥን፤ መዝሙር ተዘመረ፣ ሰው ገባ ወጣ።

ጎተራው በተከፈተበት በጋ፣ ያ ለቅሶ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር።

አንድ ቀን ምሳዬን ይዤ መጨረሻው ክፍል ገባሁ። አንድ ቡድን ገና መውጣቱ ነው፤ ግድግዳው ላይ አዳዲስ ፊቶች ተጨምረዋል። ሳንድዊቼን እየገመጥኩ አየሁ። ሒጃብ ያደረገች ሴት እየሳቀች ነው፤ አንድ ሽማግሌ ዓይኑን ጨፍኗል። ከሽማግሌው አጠገብ የእማማ ፊት አለ።

እንዲህ ነው የታየኝ። እማማ መጥተው ነበር እንዴ ብዬ አሰብኩ። ጠጋ ስል ግን ወንድ ነው፣ ወጣት፣ ጉንጩ የጎደጎደ። አፉ ተከፍቷል፤ ግራ ቅንድቡ ከቀኙ በላይ ተሰቅሏል። ልክ ያ የቅዳሜ ማለዳ ፊት። በየቀኑ እማማ ቤት ሻይ ስጠጣ ከቴሌቪዥኑ በላይ የማየው ሰው ነው፤ ጥቁር ሪባን የታሰረለት። ፎቶው ላይ ኮስተር ብሎ ነው የተነሳው፤ ፎቶውን ብቻ ባውቅ ኖሮ አልለየውም ነበር። የለየሁት በእናቱ ድንጋጤ ነው።

ሳንድዊቼን ጣልኩት። መልክ ይመሳሰላል፣ የሞተ ሰው ኤሌቬተር አይወጣም እያልኩ ራሴን ስገስጽ እግሬ ቀድሞኝ እየሮጠ ነው።

«አሁን የወጡት የት ሄዱ?» አልኳት በሩ ላይ የምትቀመጠውን ልጅ።

«የእንግሊዝኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ አዲስ የመጡ ስደተኞች። ሐይቁ ዳር ምሳ እንበላለን ብለዋል» አለችኝ።

ደረስኩባቸው። አግዳሚዎቹ ላይ ተቀምጠው ይበላሉ፤ አስተማሪዋ ጭማቂ ታድላለች። እሱ ለብቻው የውሃው ዳር ያለውን ብረት ተደግፎ ቆሟል።

«ጤና ይስጥልኝ» አልኩ።

ዞረና ፊቱ በራ። «ሐበሻ ነህ! እዚህ ነህ የምትሠራው?»

«አዎ። ከመጣህ ቆየህ?»

«ኧረ ገና ወርም አልሞላኝ። ከካርቱም ነው የመጣሁት፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስፖንሰር አድርገውኝ።»

«አዲስ አበባ የየት ሰፈር ልጅ ነህ?»

ሰፈሩን ነገረኝ። እማማ በየቀኑ የሚጠሩት ሰፈር ነው። «ግን ፈርሷል» አለ። «ስደውል ስልኩ አይነሳም። ሰው ልኬ ነበር፤ የእናትህ ቤት የነበረበት አሁን መንገድ ነው፣ ጎረቤቱም ተበትኗል አለኝ። እንግዲህ ፍለጋ ላይ ነኝ።»

የእናቱን ስም ጠየቅኩት። ነገረኝ። እህት እንዳለችው ጠየቅኩት።

«አለችኝ፣ ቤይሩት ነበረች። ምነው? ታውቃቸዋለህ እንዴ?»

«እስኪ ቁጭ በል» አልኩት። አለቃዬ እንዳስተማረችኝ ሰውዬው ከመደንገጡ በፊት የሚቀመጥበት እንዲኖረው ብዬ ነው። ሐበሻ ግን ቁጭ በል ሲባል የሚሰማው ሌላ ነው።

«ሞተች?» አለኝ። የያዘው ዳቦ እጁ ላይ ተጨመቀ።

«አልሞቱም! አሉ! እዚህ ናቸው!»

«እዚህ የት?»

ወደ ሰሜን፣ ወደ ከተማው ውስጥ ጠቆምኩ። እናቱ እዚያው የቆሙ ይመስል ጣቴን ተከትሎ አየ። ከዚያ እኔን አየ። «ግን እኮ አንተ ሞተሃል» አልኩት።

«እኔ?»

«በጀልባዋ። ጓደኛህ ደውሎ ነው የተናገረው።»

«ጀልባዋ ላይ እኮ አልወጣሁም» አለ፣ ሊከራከረኝ እንደፈለገ ሰው። «ወደ ውሃው ስንሮጥ ፖሊስ ያዘኝ። ጨለማ ነበር። እሱ ከፊቴ ነበር፤ ከኋላዬ አለ ብሎ ይሆናላ።» ከዚያ እስር ቤት፣ ከእስር ቤት በረሃ፣ ከበረሃ ካርቱም። ይህን እያወራ ዓይኑ ከጠቆምኩት አቅጣጫ አልተነሳም። አስተማሪዋ ምን ሆናችሁ እያለች መጣች። ነገርኳት። የያዘችውን ጭማቂ በሙሉ መሬት ላይ ለቀቀችው።

አሁኑኑ ውሰደኝ አለ። ለእህቱ ደውዬ ነገርኳት። «ድምፁን አሰማኝ» አለች። ስልኩን ሰጠሁት። «እቴ» አላት፤ ከወዲያ በኩል የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ከአፍታ በኋላ እያለቀሰች ተመለሰች፤ የተናገረችው ግን እንደ ነርስ ነው። «እማዬን በድንገት እንዳታስደነግጡብኝ። ያኔ ሆስፒታል የወሰዳት ደም ብዛቷ ነው። ደስታም ይገድላል። ቀስ ተብሎ ይነገራት።» እሱም ቃሏን ሰምቶ እስከ ቅዳሜ ለመታገሥ ተስማማ።

ፓስተሩን ስናማክራቸው ወንበራቸው ላይ ተደገፉ። «መርዶ ሥርዓት አለው» አሉ። «ማን እንደሚናገር፣ በስንት ሰዓት እንደሚኬድ፣ ማን አጠገባቸው እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ሰው ሞተ ብዬ ስንት ቤት ገብቻለሁ። አልሞተም ብዬ ግን ገብቼ አላውቅም።»

ወደ አለቃዬ ሄድኩ። ሰምታ እንደጨረሰች መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው። «በደረጃ ይሁን» አለች። እቅዱን አብረን አወጣን። ከጀልባዋ የተረፉ አሉ የሚል ወሬ በቅድሚያ ይነገራቸው። ሻይ ይጠጡ። ከዚያ ልጃቸውን ያየ ሰው አለ ይባል። ከዚያ ድምፁ በስልክ። ሰውየው ራሱ የሚገባው በመጨረሻ ነው። ጀርባቸውን የሚደግፍ ወንበር፣ ከልጃቸው አጠገብ፣ ፊታቸው ወደ በሩ። «በሩ ሲከፈት እንዲያዩት እንጂ ከኋላቸው እንዳይመጣ» አለች። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ ያሰናዳሁት ነገር የለም። ልጁ እኔ ቤት ሆኖ እንዲጠብቅም ተስማማን።

ቅዳሜ ማለዳ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከፓስተሩ ጋር መጡ። እህቱ ሌሊት ሠርታ ገና መግባቷ ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችን። ልጁን ሶፋዬ ላይ አስቀምጬ፣ እስክጠራህ እንዳትነሳ ብዬው ወጣሁ። አንኳኳን። እማማ ከፈቱ።

ፓስተሩን አዩ። ሽማግሌዎቹን አዩ። ልጃቸውን አዩ፤ ዓይኗ ያበጠ። እኔን አዩ።

ይህን ሁሉ ወንበር ስናስተካክል፣ ሻዩ መቼ ይምጣ እያልን ስንመካከር አንዳችንም ያላሰብነው ነገር ይሄ ነው። እነዚያው ሰዎች፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው በር! ከፓስተሩ ጋር ተሰብስቦ በማለዳ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ እማማ ያውቃሉ። እኛ አፋችንን ሳንከፍት እማማ ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ።

«ደግሞ ማንን? ማን ቀረኝና? ማንን ልትነግሩኝ ነው?»

ጮኹ። በመጀመሪያው መርዶ ያልወጣው ጩኸት ያኔ ወጣ። «እማዬ፣ ማንም አልሞተም!» ትላለች ልጃቸው፤ ማን ሰምቷት! ፓስተሩ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማማ፣ የምሥራች ነው!» ይላሉ፤ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ ስለነበር እሱም መርዶ መሰለ።

ከኋላዬ የቤቴ በር በኃይል ተከፈተ። እሱ ስንት ዓመት የእናቱን ድምፅ ሳይሰማ ኖሮ የሰማው ጩኸታቸውን ነው፤ ማን ያስቀምጠዋል? በካልሲው እየሮጠ አለፈኝ፤ ትከሻዬን መትቶኝ ነው ያለፈው። ሽማግሌዎቹን ገፍቶ በሩ ላይ ቆመ።

«እማ!»

ጩኸቱ መሃል ላይ ተቆረጠ። እማማ እጃቸው ጭንቅላታቸው ላይ እንዳለ ደርቀው ቀሩ። አፋቸው ተከፍቷል፣ ግራ ቅንድባቸው ተሰቅሏል። ከፊት ለፊታቸው የእሱም ቅንድብ እንዲሁ። ይወድቃሉ ብዬ ፈራሁ። አልወደቁም። ሄዱና ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ጣታቸውን ጆሮው ላይ፣ አፍንጫው ላይ፣ ጥርሱ ላይ አሳለፉ፣ እህል እንደሚለቅም ሰው። ከዚያ በጥፊ መቱት።

«የት ነበርክ?» አሉት። «አልቅሼ ጨረስኩ እኮ! የት ነበርክ?»

ጥፊው በጣም አስደነገጠኝ። ፓስተሩ እንኳን ወደኋላ ተራመዱ። እሱ ግን ጉንጩን ሳይነካ፣ «መጣሁ፣ እማ» ብቻ አለ። እጅጌውን ጨምድደው ያዙና ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ፤ እሱም አብሯቸው ወረደ። ያዘጋጀነው ወንበር ባዶውን ቀረ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የኮሪደሩ በሮች አንድ በአንድ ተከፍተው ነበር። ከፊት ለፊት ያሉት አፍጋናዊት እናት ነጠላ ጫማቸውን እንኳን ሳያደርጉ መጡ። እማማ መሬት ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ አዩና ምንም ሳይጠይቁ አጠገባቸው ተቀምጠው አብረው ማልቀስ ጀመሩ። ከሁለቱ አንዳቸውም የሌላውን ቋንቋ አያውቁም። ከሰዓት በኋላ አንድ ትልቅ ትሪ ሩዝ ከዘቢብ ጋር አመጡልን። ከላይኛው ፎቅ ያሉት ፓኪስታናውያንም በድስት ምስር ላኩ። እህቱ በእንግሊዝኛ፣ ሞት የለም፣ ወንድሜ ተመልሶ ነው ስትላቸው አፍጋናዊቷ እናት ልጁን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ደረታቸውን እየመቱ እንደገና አለቀሱ፤ ይሄኛው ከፊተኛው ይበልጥ ነበር። እኚህ ሴት ከየት እንደመጡና ማንን እንደሚጠብቁ ያኔ ነው የጠረጠርኩት። መጠየቅ ግን አልደፈርኩም።

ሰኞ ለአለቃዬ ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። «በሩን አሰብን፤ በሩን የሚያንኳኳውን ግን አላሰብንም» አለች። ወሬው የቦታው ባለቤት ጆሮ ደረሰ። ቢሯችን መጥቶ፣ በጣም ተደስቶ፣ እናትና ልጁ ግድግዳው ፊት እንደገና ቢገናኙና ለማስታወቂያ ቢቀረጹ ምን ይመስላችኋል አለን። እንደገና ቢገናኙ! አለቃዬ ወንበሯን ወደኋላ ገፍታ ተነሳችና በሩን ከፈተችለት። እሱም ወጣ። ያ ጉዳይ ዳግም አልተነሳም።

እማማ ለብዙ ቀን ደስ ያላቸው አይመስሉም ነበር። ልጁ ሽንት ቤት ሲገባ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ሲተኛ ደረቱ ላይ እጃቸውን ያኖራሉ። ፎቶውን አውርጂው ብትላቸው ልጃቸው፣ «ተዪው፣ ቆይ» አሉ። በኋላ እሱ ራሱ ሪባኑን ፈታውና ፎቶውን መልሶ ሰቀለው። እማማ ያዩት ነበር፤ አልከለከሉትም።

በሁለተኛው እሁድ ወደ ቤተ ክርስቲያን አመጡት። ሰው ተነስቶ ቆመ፤ ለቅሶ የደረሱት ሁሉ እዚያ ነበሩ። አንዳንዱ እልል አለ፣ አንዳንዱ እጁን አፉ ላይ ጫነ፣ ወንበሩን የጨበጠም ነበር። ፓስተሩ፣ «እማማ ምስክርነት ይሰጣሉ» አሉ። ልጁ ደግፎ መድረኩ ላይ አወጣቸው። ማይክራፎኑን ሰጧቸው። እማማ ሰውን አዩ፣ ማይኩን አዩ፣ የልጁን እጅጌ አልለቀቁም።

«ጌታ ይመስገን» አሉ። ሰው «አሜን!» አለ። ይቀጥላሉ ብለን ጠበቅን።

«ልጆቼ» አሉ በመጨረሻ፣ «ደስታው መጥቷል ትሉኛላችሁ፤ እኔ ግን ገና አልደረስኩበትም። አሁንም ድንጋጤው ላይ ነኝ። ስደርስበት እነግራችኋለሁ።»

ማይኩን መለሱ። ዘማሪዎቹ ይጀምሩ አይጀምሩ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። እማማ ልጃቸውን ይዘው ወረዱና፣ ከእህቱ ጋር ሦስታችን የምንቀመጥበት አግዳሚ ለአራት ጠበብ ስላለ፣ «ጠጋ በል፣ ልጄ» ብለውኝ ተቀመጡ።